የጣና ዳር ጭቃ ቤት ሲጠገን

በዘጌና በባሕር ዳር ዙሪያ ያለ አሮጌ ጭቃ ቤት ሲጠገን ትልቁ ሥራ ምርጊቱ ነው። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ተለውሶ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቦካል፤ በየቀኑ ውኃ እየተጨመረ በእግር ይረገጣል። በደንብ ያልቦካ ወይም ጭድ ያነሰው ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ወፍራሙ ምርጊት ሳይደርቅ ስስ ልስን አይደረብበትም።

ሲሚንቶ ልስን ግን የጭቃ ግድግዳ ጠላት ነው (ብዙ ሰው ማሳመሪያ ቢያደርገውም)። ጭቃው እርጥበት ሲስብ ያብጣል፣ ሲለቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶው አብሮት ስለማይሄድ ይላቀቃል። ከኋላው የታመቀው እርጥበትም የቋሚውን እግር ያበሰብሳል። ቋሚው ባሕር ዛፍ ከሆነ ምስጥ ቶሎ ይገባበታል፤ ወይራና ጥድ ይሻላሉ። የጣሪያው ክፈፍ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ይውጣ፤ የድንጋይ መሠረቱም የክረምት ዝናብ ከመሬት ነጥሮ ጭቃውን እንዳይመታው ከፍ ይበል።