ከሙዚቃ እንጀራ ስለመብላት

ሙዚቀኛ ሲባል ብዙ ሰው ስቴጅ ላይ ያለው ዘፋኝ ብቻ ነው የሚመጣለት፣ ከሙዚቃ የሚኖረው ግን አብዛኛው ስሙን ማንም የማያውቀው ሰው ነው፤ ቀን ልጆች ያስተምራል፣ ከሰአት ስቱዲዮ ገብቶ ለሰው አልበም ቤዝ ይቀዳል፣ ማታ ሰርግ ይሰራል ምናምን፣ እና ይሄ ሁሉ አንድ ሰው ነው እኮ።

እኔን የሚገርመኝ ስለ ውል ወረቀቱ ማንም አለማውራቱ ነው። አንድ የተቀዳ ዘፈን ሁለት የተለያየ መብት አለው፣ አንዱ የድርሰቱ ማለትም የግጥምና ዜማው፣ ሌላው የማስተሩ ማለትም የተቀዳው ድምፅ የራሱ፣ እና ሁለቱ የአንድ ሰው ላይሆኑ ይችላሉ። ስለዚ አብራችሁ ከሰራችሁ ማን ስንት ፐርሰንት እንዳለው እዛው ስቱዲዮ እያላችሁ ፅፋችሁ ፈርሙ፣ ዘፈኑ ሂት ከሆነ በኋላማ ጓደኝነት የሚባል ነገር የለም። በክፍያ የምትጫወቱም አንዴ ተከፍሏችሁ የሚያበቃ ነው ወይስ ከገቢው ይደርሳችኋል የሚለውን ሳትቀዱ በፊት ጠይቁ።

ስትሪሚንግ (ሙዚቃ በኢንተርኔት የሚደመጥበት) ላይ ብዙ ተስፋ አታድርጉ፣ ስፖቲፋይ እራሱ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለፉት 12 ወራት 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ትራክ የማስተሩን ክፍያ አያስብም።

ጆሮስ? 85 ዴሲቤል (የድምፅ ሃይል መለኪያ ነው) ለ8 ሰአት ነው የሚመከረው ጣሪያ፣ 100 ላይ ግን 15 ደቂቃ ብቻ፣ ድራመር አጠገብ የሚቆም ሰው ይሄን በሶስት አራት ዘፈን ይጨርሰዋል (ድራመሮች ይቅርታ)። ከአዲስ የጊታር ፔዳል በፊት ድምፁን ሳያፍን የሚቀንሰውን የሙዚቀኛ ኢርፕላግ (የጆሮ መድፈኛ) ግዙ።