ጥርስ ያልነበረው ግራፍ

የማዕድን ዝቃጭ ከግድብ ጀርባ ሲከማች ላዩ ይደርቅና ሰው ይሸከማል፤ ከሥር ግን ለዓመታት ውኃ እንዳዘለ ይቆያል። እኛ የምንለካው የዚያን የሥረኛውን ጥንካሬ ነው። ጫፏ 10 ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት ያላት ኮን (ሾጣጣ መለኪያ) በሰከንድ 2 ሴንቲሜትር እየተገፋች ትወርዳለች፤ የጫፏን ተቃውሞ፣ የጎኗን ሰበቃና የውኃውን ግፊት እያነበበች።

የዚያን ቀን ስክሪኑ ፊት የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። 3 ሜትሩን ደረቅ ቅርፊት አልፈን እርጥቡ ውስጥ ገባን። 9 ሜትር ላይ የውኃው ግፊት 50 ኪሎፓስካል አካባቢ ነበር፤ የረጋ ውኃ እንኳ እዚያ ጥልቀት ላይ ወደ 60 ይኖረዋል። «አሸዋማ ነው፣ ውኃ ቶሎ ያሳልፋል» ብዬ መዘገብኩ።

ይህች መስመር ቀላል አይደለችም። ውኃ የሚያሳልፍ ዝቃጭ ጥንካሬው ከፍ ተደርጎ ይሰላል። የማያሳልፍ ልል ዝቃጭ ግን ድንገት ከተረበሸ ሸክሙ ወደ ውኃው ይዞርና አቅሙ ባንዴ ይከዳል። በብራዚል ብሩማዲንሆ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 2019 የተደረመሰው ግድብ 270 ሰዎችን የቀጠፈው ዝቃጩ እንዲህ እንደ ፈሳሽ ሆኖ ነው።

አለቃችን መጥተው ግራፉን አዩና «ጥርሱ የታለ?» አሉኝ።

በየ1 ሜትሩ ዘንግ ለመቀጠል እንቆማለን። ደቃቅ ዝቃጭ ውስጥ ከሆንን፣ በመግፋት የተነሣው ግፊት ስንቆም ይወርዳል፣ ስንገፋ መልሶ ይወጣል፤ መስመሩ የመጋዝ ጥርስ ያወጣል። የእኛው ልሙጥ ነበር። እንዲያውም ስንቆም ቀስ እያለ ይወጣ ነበር! ይህን አይቼዋለሁ፤ አይቼ አልፌዋለሁ።

ጥፋቱ ማጣሪያው ላይ ነበር። ከኮኗ ጫፍ ኋላ ያለችው ቀለበት አየር በሌለው ዘይት መሞላት አለባት። ደረቁ ቅርፊት ዘይቱን መጥጦ አየር አስገብቶባታል፤ አየር ደግሞ ይታመቃል፣ ሴንሰሩም ግፊቱን ዘግይቶና አሳንሶ ያነባል።

2 ሜትር ፈንጠር ብለን ደገምነው። ቅርፊቱን አስቀድመን ቆፍረን ጉድጓዱን ውኃ ሞላን፤ አየሩ በቫኪዩም ተስቦ በሲሊኮን ዘይት የተሞላ ማጣሪያ ገጥመን በስስ ላስቲክ ሸፈንነው። 9 ሜትር ላይ 210 ኪሎፓስካል አነበብን። ጥርሶቹም በየሜትሩ ቁልጭ ብለው ወጡ።

የመዘገብኩትን ሰረዝኩ። በዚያው ምሽት ቀደም ብለን የጨረስናቸውን አምስት ግራፎች ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ጥርስ ፍለጋ ገባን። ሁለቱ ላይ አልነበረም።