43 ኪሎ ሜትር፣ በሶ እና ያስቸገረኝ ሆዴ

ባለፈው ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከማራቶን ርቀት አለፍኩ። 43.6 ኪሎ ሜትር፣ በ5 ሰዓት ከ10 ደቂቃ። ከርቀቱም ከሰዓቱም በላይ ያስደሰተኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሆዴ ሰላም ዋለ። አራት ወር ሙሉ መከራዬን ያሳየኝ እሱ ስለሆነ፣ ዛሬ በዋናነት ስለ እሱ ልጽፍላችሁ ነው የተቀመጥኩት።

አጀማመሬ ብዙ የሚወራለት አይደለም። እንደ ብዙ የአዲስ አበባ ሰው በታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ጀመርኩ። ከዚያ ግማሽ ማራቶን፣ ቀጥሎ አንድ ማራቶን በ4 ሰዓት ከ38 ደቂቃ። አሁን ያሰብኩት ኬፕ ታውን ላይ የሚሮጠውን ቱ ኦሽንስ ነው። 56 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለመጨረስ የሚሰጠው ጊዜ ደግሞ 7 ሰዓት። በተለመደው መስመር ሁለቱ ዋና ዳገቶች የሚመጡት ግማሹ ካለፈ በኋላ ነው። ከተማው ባሕር ዳርቻ ስለሆነ እኛ ከ2,400 ሜትር ከፍታ ለምንሄደው አየሩ ይረዳናል። ዳገቱን ግን አየር አይወጣልንም።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 11፡30 ቢሮ ነኝ፤ ወር ሲዘጋ ደግሞ ማታም አለ። ስለዚህ ማክሰኞና ሐሙስ ከሜክሲኮ እስከ ሲኤምሲ ቦርሳዬን አዝዬ ወደ ቤቴ እሮጣለሁ። ከ12 ኪሎ ሜትር አያንስም። በዚያ ሰዓት ያለውን የታክሲ ሰልፍ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ተሰልፎ ከሚጠብቀው ሰው ብዙም አልዘገይም። ረቡዕ ማለዳ ከሥራ በፊት መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ለአንድ ሰዓት እመላለሳለሁ። ቅዳሜ ረጅሙ ነው፤ ከሌሊቱ 10፡30 ተነስቼ በለገጣፎ አድርጌ የሰንዳፋን መንገድ እይዛለሁ። ሙሉ ቀን ለሚሠራ ሰው ከዚህ በላይ መጨመር አያስፈልግም ባይ ነኝ። በሳምንት ስድስት ቀን ሩጡ የሚሉ ፕሮግራሞች የተጻፉት ከሰዓት በኋላ ለሚተኙ ሰዎች ነው።

አሁን ወደ ሆዴ።

ሰውነታችን ያጠራቀመው ስኳር ለብዙዎቻችን 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ያልቃል። ማራቶንን ተንገዳግዶም መጨረስ ይቻላል። 56ን ግን ሳይበሉ መጨረስ አይታሰብም። በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድ ያስፈልጋል። ችግሩ፣ ስንሮጥ ደሙ ወደ እግር ይሄድና ሆድ ሥራውን ያቀዘቅዛል። የገባው ምግብ እዚያው ይቀመጣል።

ከውጭ የሚመጣውን ጄል፣ ሯጮች እየሮጡ የሚውጡትን ጣፋጭ ድብልቅ፣ ሞክሬዋለሁ። ውድ ነው፣ ስትፈልጉት አይገኝም፣ ሦስተኛው ላይ ደግሞ ጣፋጩ ያቅለሸልሻል። ቆሎ ሞከርኩ። እያለከለኩ ቆሎ ማኘክ አይሆንም፤ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ከዚያ የእናቴ በሶ ትዝ አለኝ። በሶ የመንገደኛ ስንቅ ነው፤ በእግር ሲኬድ ለኖረበት አገር ከሱ የተሻለ ምን ይገኛል ብዬ አሰብኩ። እናቴ በንጥር ቅቤና በጨው አሽታ፣ እንደ ጡጫ የሚያህል ጭብጦ አድርጋ ሰጠችኝ።

31ኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ ስመለስ ለገጣፎ አካባቢ፣ ሁሉንም አወጣሁት። መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ጉልበቴን ይዤ ቀረሁ። ቅቅል ድንች የሚሸጡ እናት ነበሩ። ውኃ አመጡልኝ። «ምን ሆነህ ነው ልጄ? ባዶ ሆድህን ነው እንዴ?» አሉኝ። በሶ በልቼ ነው ብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «በሶ ለሚራመድ ነው እንጂ ለሚሮጥ ይከብዳል» አሉና አንድ ትንሽ ድንች ልጠው፣ ሚጥሚጣውን ትተው ጨው ብቻ ነስንሰው ሰጡኝ። ሙቅ ነበር። በትንሽ በትንሹ ቆርሼ በላሁት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ተነስቼ ቤቴ ድረስ በዝግታ ሮጥኩ። ገንዘብ ብሰጣቸው አልቀበልም አሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ መጥቼ ከእሳቸው ሁለት ኪሎ ድንች ገዛሁ።

እሳቸው ያሉት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። እውነትም ቅቤው ነው አንዱ ጥፋት፤ ቅባት ሆድ ውስጥ ይቆያል። ሁለተኛው ገለባው ነው። ገብስ ቃጫው ብዙ ነው፤ ለዘወትር ጤና ጥሩ፣ ለሩጫ ግን ከባድ። በሶውን ግን መተው አልፈለግኩም። ስለዚህ ዱቄቱን በደቃቅ ወንፊት ሁለት ጊዜ እነፋዋለሁ። ቅቤም ዘይትም የለም። 50 ግራም ዱቄት፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ቁንጥር ጨው፣ ለብ ያለ ውኃ። የማሸው አርብ ማታ ነው፤ ጣት ላይ መጣበቁን ሲተው በቅቷል። አንዱን ጭብጦ ለሁለት ከፍዬ በላስቲክ እጠቀልለዋለሁ። ግማሽ ጭብጦ በየግማሽ ሰዓቱ፣ ከሁለት ጉንጭ ውኃ ጋር። የሚበላው ሳይርብ ነው፤ ከራበኝ በኋላ የበላሁት አንድም ቀን አልተስማማኝም። ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ወደ ድንቹ እዞራለሁ፤ በዚያ ሰዓት ጨዋማ ነገር ነው የሚያምረኝ።

አርብ ማታ ሽሮም ትቻለሁ። እወደዋለሁ፣ ግን በማግስቱ ሆዴን ይነፋኛል። ሩዝ ወይም መኮሮኒ እበላለሁ።

ጾም እንዴት አድርገህ ትላላችሁ። ውድድሩ ብዙ ጊዜ በፈረንጆቹ ፋሲካ ሰሞን ስለሚውል ዋናው የልምምድ ጊዜ ሁዳዴ ላይ ይወድቃል። በሶም ድንችም የጾም ነው። ቅዳሜና እሑድ የፍስክ ምግብ ባይበላም ሰዓት ተጠብቆ ከእህል አይጾምም፤ ስለዚህ ረጅሙን ሩጫ ቅዳሜ ላይ ማድረጌ በዚህም ጠቀመኝ። የሚከብደው ማክሰኞና ሐሙስ ነው። እስከ 9 ሰዓት ጾሜ፣ ቢሮ ምሳዬን በልቼ፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ መሮጥ። እነዚያን ሩጫዎች በጣም አዝግሜ ነው የምሮጣቸው፤ ፍጥነት አልሞክርም።

ስለ ፍጥነት ካነሳሁ፣ አገራችን ሩጫ ማለት ሜዳሊያ ነው። የቢሮ ሰዎች የሚጠይቁኝ «ስንተኛ ወጣህ?» ብለው ነው። ይህ ጥያቄ ነው ብዙዎቻችንን በየቀኑ የሚያስበርረን፣ ከዚያም የሚጎዳን። ለአልትራ፣ ማለትም ከማራቶን ለሚረዝም ሩጫ፣ የሚያስፈልገው እያወሩ መሮጥ የሚቻልበት ዝግታ ነው። ዳገቱን ደግሞ በእግር መውጣት ነውር አይደለም።

ሳልደብቅ የምነግራችሁ አለ። ኅዳር ላይ ግራ ጉልበቴን አሞኝ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሮጥኩበት። ለባለቤቴም አልነገርኳትም። ሐኪም ዘንድ የሄድኩት ደረጃ መውረድ ሲያቅተኝ ነው፤ አንድ ወር ተቃጠለብኝ። እናንተ በመጀመሪያው ሳምንት ሂዱ። እንቅልፍም እንዲሁ። ሰባት ሰዓት ተኙ እላችኋለሁ፣ እኔ ግን ወር ሲዘጋ አምስት ሰዓትም አላገኝም። በዚያ ሳምንት የሮጥኩት ሁሉ ከበደኝ፤ መፍትሔውንም እስካሁን አላገኘሁም።

በሚመጣው ቅዳሜ 46 ኪሎ ሜትር አስቤያለሁ። በሶውን ከሩዝ ዱቄት ጋር ግማሽ በግማሽ ላሸው ነው፤ የሩዝ ቃጫው ትንሽ ስለሆነ ይቀላል ብዬ። የሞከረው ካለ ከአርብ ማታ በፊት ይንገረኝ።