አሮጌው ዴስክቶፕ ሥራ አገኘ
ዛሬ ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት አቧራ የጠገበ ዴስክቶፕ አውጥቼ ሊኑክስ የተባለውን ስርዓተ ክወናና ከኢንተርኔት የወረዱ ፋይሎችን ቅጂ የሚያስቀምጠውን ስኩዊድ የተባለ ነፃ ሶፍትዌር ጫንኩበት፤ ዓላማዬም አንድ ተማሪ ያወረደውን ፋይል ቀጣዩ ተማሪ ከኢንተርኔት ሳይሆን ከዚሁ ማሽን እንዲያገኘው ነበር። ይሁን እንጂ በፖርት 3128 (ስኩዊድ ጥያቄ በሚቀበልበት የኔትወርክ በር) በኩል ያንኑ የማስተማሪያ ፒዲኤፍ ሁለት ጊዜ ባወርደውም የስኩዊድ መዝገብ ላይ ሁለቴም «ሚስ» (ከማሽኑ አልተገኘም) የሚል ቃል ተጻፈ። ግማሽ ቀን ከኬብሉ ጋር ከታገልኩ በኋላ (ኬብሉ ምንም አልበደለም) ስኩዊድ ካልታዘዘ በቀር ከ4 ሜጋባይት የበለጠ ፋይል እንደማያስቀምጥ አስተዋልኩ። ጣሪያውን ወደ 200 ሜጋባይት ከፍ ሳደርገው በሁለተኛው ሙከራ «ሂት» (ከማሽኑ ተገኘ) ብቅ አለ። እርግጥ በኤችቲቲፒኤስ (ድረ ገጾች በምስጢር በሚላኩበት መንገድ) የሚመጣው ተመስጥሮ ስለሚያልፍ አይከማችም፤ ስለዚህ ነገ የምሞክረው ባልተመሰጠረው ኤችቲቲፒ የሚወርዱትን የሊኑክስ ማሻሻያዎች ነው።