ለሽምግልና የምትላኩ ወንዶች

የተደበደበች ሚስት ልጆቿን ይዛ ወላጆቿ ቤት ስትገባ ብዙ ሳይቆይ ሽማግሌ ይላካል። መርጦ የሚልከው ባልየው ነው፤ የሚላኩትም አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች ናቸው። በሴቶች ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት ለማስቆም ወንዶች ምን ያድርጉ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን በየዓመቱ ከኅዳር 16 እስከ ታኅሣሥ 1 ባሉት የፀረ ጥቃት ዘመቻ ቀናት ነጭ ሪባን ደረት ላይ ማድረግ ነው። ሪባኑን አልቃወምም። ሴቲቱ ወደ ዱላው መመለስ አለመመለሷ የሚወሰነው ግን ሽምግልናው ላይ ነው።

አካሄዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ባልየው ከሽማግሌዎቹ ጎን ይቀመጣል። እሷ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ። «ምን አጣላችሁ?» ተብሎ ይጀመራል፤ ነገሩ የሚበላሸውም እዚሁ ነው። ድብደባው ጠብ ተባለ፣ ጠብ ደግሞ ከሁለቱም ጥፋት ይፈለግበታል። እሱ ስለ አመሻሿ፣ ስለ ስልኳ፣ ስለ አመላለሷ ያወራል። መጨረሻ ላይ «አንተም ተው፣ አንቺም ቻይ፣ ለልጆቹ ስትሉ» ይባልና በዚያው ምሽት ትመለሳለች። ዳግመኛ አቤት ሳትል ስትቀር ዕርቁ ጸና ይባላል። መናገር ምን እንደሚያመጣባት አይታ ዝም ማለቷን የሚጠረጥር የለም።

በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 66 በመቶዎቹ እርዳታም አልጠየቁም፣ ለሰውም አልተናገሩም። ባል ሚስቱን ቢመታ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ተገቢ ነው ያሉት ደግሞ ከሴቶች 63 በመቶ፣ ከወንዶች 28 በመቶ ናቸው። ይህን ቁጥር «እነሱው ተቀብለውታል» ለማለት የሚጠቅሱ አሉ። ዱካው ላይ ተቀምጣ ዕድሜ ልኳን «ቻይ» ስትባል የኖረች ሴት ሌላ ምን ትበል?

ሕጉ ከሽምግልናው ቀድሞ ሄዷል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሥልጣኑን ለፍርድ ቤት ሰጠው። ቀድሞ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከክስ ይድን ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ጋብቻው ከተጠያቂነት እንደማያድነው ደነገገ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ክርክር በባህላዊ ሕግ እንዲዳኝ የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ ነው። ስለዚህ «ሂዱልኝ» ስትባሉ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሷ ሽምግልናውን ትፈልጋለች ወይ የሚለው ነው። ካልፈለገች አለመሄድ ነው።

ከፈለገች፣ እሱ በሌለበት፣ የምታምናት ሴት አብራት ተቀምጣ ለብቻዋ ትናገር። እሱ ባለበት የተናገረችውን እንደ እውነተኛ ፈቃዷ አትቁጠሩት። አንቋት ያውቃል? እገድልሻለሁ ብሏታል? ቢላ ወይም ሌላ መሣሪያ አንስቶባታል? እርጉዝ ሆና መቷታል? ዱላው እየበረታ፣ እየተደጋገመ ነው? አብልጣችሁ የምትፈሩት መታነቋን ይሁን። አንገት ላይ ምልክት ሳይታይ ውስጡ ሊጎዳ ይችላል፤ ድምፅዋ ከሻከረ፣ መዋጥ ካመማት ወይም ራሷን ስታ ከነበረ በዚያው ቀን ሐኪም ይያት። በአሜሪካ የተደረገ ጥናት እንደሚያሳየው አንዴ የታነቀች ሴት በዚያው ሰው የመገደል ዕድሏ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ከእነዚህ ጥያቄዎች ለአንዱ እንኳ አዎ ካለች ሽምግልናው ይቁም፤ ጉዳዩ የፖሊስና የሐኪም ነው። ለመለየት የምትሞክርበት ጊዜ ከሁሉም የከፋው ስለሆነ ያረፈችበትን ቦታ ለባልየው ቀርቶ ለላከው ዘመድም አትንገሩ።

ተገዳ ከተደፈረች ሽምግልና የሚባል ነገር የለም። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ቢፈጥን ይሻላል። ሽማግሌ «እስኪ ረጋ በሉ» ሲል የሚያልፈው ይህ ሰዓት ነው። ሳትታጠብ ትሂድ፣ ልብሱ በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ይጠቅለል፤ ላስቲክ እርጥበት ይዞ ማስረጃውን ያበላሻል። አዲስ አበባ ውስጥ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና ምክሩን በአንድ ቦታ የምታገኝበት ማዕከል አለው።

አደጋው ያን ያህል ሳይሆን ቀርቶ መታረቅ የምትፈልግም አለች፤ ምርጫዋ ነው። ያኔ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ «መትቻታለሁ» የሚለው የባልየው ቃል ያለ «ግን» ይጻፍበት። መታወቂያዋ፣ የባንክ ደብተሯና ስልኳ በእጇ ይሁኑ። በሳምንቱ፣ በወሩ፣ በሦስት ወሩ ለብቻዋ የምትጠየቅበት ቀን ይቆረጥ፤ የምትጠይቃት ሴት ማን እንደሆነች ከአሁኑ ትታወቅ። እንደገና ከመታት ሽማግሌዎቹ የሰሙትን ለፖሊስ እንደሚመሰክሩ እዚያው ፊት ለፊት ይነገረው። ብዙው ሽምግልና የሚፈርሰው ማንም ተመልሶ ስለማይጠይቅ ነው።

ወንዶችን ማናገር ዋጋ እንዳለው ከጉራጌ ዞን የተገኘ ማስረጃ አለ። በ64 መንደሮች ተካሂዶ በ2020 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ጥናት 14 ውይይቶችን በቡና ሥነ ሥርዓት ላይ አካሄደ፤ በአንዳንዱ መንደር ወንዶች ብቻ፣ በሌላው ሴቶች ብቻ፣ በሌላው ባልና ሚስት አብረው። ከጊዜ በኋላ ሲጠየቁ፣ ወንዶቹ ለብቻቸው በተወያዩባቸው መንደሮች ሚስቱን በወሲብ ማስገደዱን የሚናገር ወንድ ቀንሷል። ለውጡ የመጣው አሥራ አራት ጊዜ ተቀምጠው ነው፤ በአንድ ቀን ስብሰባ ይህን መጠበቅ ራስን ማታለል ነው።

አሜሪካ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ፍርድ ቤት ባልየውን እንዳይቀርባት ካገደው፣ በሽማግሌ በኩል መልእክት መላክም ብዙ ጊዜ እገዳውን እንደ መጣስ ይቆጠራል። «ወረቀትሽን አበላሸዋለሁ» የሚለውን ማስፈራሪያም አትቀበሉለት፤ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ባል የሚያጠቃት ሴት ያለ እሱ ፊርማና ሳታሳውቀው በራሷ ማመልከት ትችላለች። በአገሪቱ የቤት ውስጥ ጥቃት የእርዳታ ስልክ፣ በ1-800-799-7233፣ በማንኛውም ሰዓት በአስተርጓሚ ያነጋግሯታል።

አገር ቤት ላለነው ደግሞ ዕድር አለ። ቀብር የቀረን አባል የሚቀጣ ደንብ አለው፤ ሚስቱን ስለሚደበድብ አባል ግን አብዛኛው ደንብ አንድ ቃል አይልም። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ እጅ አውጥታችሁ ሦስት ነገር እንዲገባ ጠይቁ፦ ሚስት በራሷ ስም አባል ትሁን፤ ጥቃት ደርሶባት ከቤት የወጣች ሴት አባልነቷ አይቋረጥ፤ በዕድሩ ስም የሚላክ ሽማግሌ ሴት ሳትኖርበት አይሂድ።