ሐውልቱ የነበረበት ቦታ

ሐምሌ ደሴ ላይ ጉምና ዝናብ ነው። የጦሳ ተራራ ከነአናቱ በጉም ተሸፍኖ፣ እኛም ጋቢ ደርበን ከቤት በወጣን በማግሥቱ፣ እናቴን፣ ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆቻችንን ይዤ ሮም ላይ ከባቡር ስወርድ፣ የተቀበለን ሙቀት ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ቁልቁል ሲወረድ ፊትን የሚገርፈውን ወላፈን አስታወሰኝ። እናቴ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለስ አድርጋ «ይኸም ፈረንጅ አገር ነው?» አለች።

የጋበዘችን ሮም መኖር ከጀመረች ዐሥራ ሰባት ዓመት የሞላት እኅቴ ናት። ለመጀመሪያው ቀን እርሷ ያሰበችልን የትሬቪን ፏፏቴና የቫቲካንን አደባባይ ነበር። እኔ ግን የታሪክ መምህር እንደ መሆኔ፣ ልጆቼ የከተማዋን ውበት ከማድነቃቸው በፊት ከአገራችን ጋር ያላትን ጉዳይ እንዲያውቁ ስለ ፈለግሁ፣ ያንን ቀን ለእኔ እንድትተውልኝ ለመንኋት፤ እርሷም ቅር ሳይላት ተወችልኝ።

ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ ቦታ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። የዐሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ በየማዕዘኑ ሰሌዳ ላይ «ፒያሳ» የሚለውን ቃል እያነበበች ተደነቀች፤ እስከዚያች ዕለት ድረስ ፒያሳ ለእርሷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምታልፍበት የደሴ ሰፈር ስም ብቻ ነበርና። «አባዬ፣ ስንት ፒያሳ ነው ያላቸው?» ስትለኝ ቃሉ በጣሊያንኛ አደባባይ ማለት እንደ ሆነ ነገርኋት። ቀጥላ «አምስት መቶዎቹስ እነማን ናቸው?» ብላ ጠየቀች፤ እኔም የምጠብቀው ይህንኑ ጥያቄ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ምፅዋ አጠገብ ዶጋሊ ላይ የደመሰሱት የጣሊያን ጦር ወታደሮች ናቸው። በየዕለቱ እጅግ ብዙ መንገደኛ የሚረግጠው አደባባይ በእነርሱ ስም መጠራቱን ሰምታ ለአፍታ ዝም አለች።

የመታሰቢያቸው ሐውልት ከአደባባዩ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ዛፎች በጥላቸው በከበቡት ቦታ ላይ ቆሟል። አናቱ ላይ ያለው ረጅም ድንጋይ የጣሊያን ሥራ ሳይሆን ከግብፅ የመጣ የራምሴስ 2ኛ ዘመን ሐውልት ነው። በወረራው ጊዜ ከአዲስ አበባ ተዘርፎ የመጣው የይሁዳ አንበሳ ምስል የተቀመጠው በዚሁ ሐውልት ሥር ነበር፤ ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስም በ1930 ዓ.ም. ጎራዴውን የመዘዘው አንበሳውን እዚህ ባየ ጊዜ ነው። ቆስሎ ተያዘ፤ ወደ አገሩም ሳይመለስ በጣሊያን ምድር አረፈ። አንበሳው ግን ተመልሶ ዛሬ ለገሀር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ቆሟል። ባለቤቴ ይህን ስነግራቸው ዐይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ እኔም ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ ደጋግሜ ባስተምረውም፣ በቦታው ላይ ቆሜ ስናገረው ድምፄ እንደ ወትሮው አልሆነልኝም።

ወደ መሬት ውስጥ ባቡሩ ስንመለስ እናቴ የመንገድ ዳር ቧንቧ አይታ ቆመች። እነዚህ አጫጭር የብረት ቧንቧዎች ከ1874 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በከተማዋ የተተከሉ ሲሆኑ፣ ጎንበስ ካለው አፋቸው ቀዝቃዛ የመጠጥ ውሃ ቀንና ሌሊት ያለ ክፍያ ይፈስሳል። እኅቴ የቧንቧውን አፍ በጣቷ ስትደፍነው ውሃው ከላይ ካለው ትንሽ ቀዳዳ ወደ ሰማይ ተወነጨፈ፤ ትንሹ ልጄም ሸሚዙ እስኪርስ ድረስ ጠጣ። እናቴ ግን አልጠጣችም። ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር ባላት ከተማ ውስጥ ውሃ በፈረቃ እየጠበቀች፣ በጀሪካን እያጠራቀመች ልጆች ያሳደገች ሴት ናትና፣ «የሚዘጋው ሰው የለም?» ብላ ጠየቀች። የተሠራው እንዲሁ እንዲፈስስ መሆኑን ብንነግራትም አላረፈችም፤ የያዝነውን ጠርሙስ ሁሉ አንድ በአንድ ሞልታ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችና ያን ጊዜ ብቻ ከእፍኟ ተጎነጨች።

ከተርሚኒ በባቡሩ ሁለተኛው ፌርማታ ኮሎሲየም ነው። ከጣቢያው ደረጃ ወጥተው ቀና ሲሉ ሕንፃው ከፊት ተደቅኖ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ80 የተመረቀና ሰው ከሰው፣ ሰው ከአውሬ ሲዋጋ የሚያይ 50,000 ያህል ተመልካች ይይዝ የነበረ ነው፤ ነገር ግን ሰልፉ ረጅም፣ ፀሐዩም ብርቱ ስለ ነበር በውጭው ዞረን አየነውና ለሌላ ቀን አቆየነው። እናቴ አማትባ «ስንቱ ነፍስ አልቆበት ይሆን!» አለች።

ቀጣዩ ፌርማታ ቺርኮ ማሲሞ ነው። ቀኑን ሙሉ ልቤ የነበረው እዚያ ነበር። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የሚሠራበት ነጭ ሕንፃ መጀመሪያ የታቀደው ለጣሊያን የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር ነው፤ ከፊቱ ባለው አደባባይ ላይም የአክሱም ሐውልት ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ ቆሞ ኖሯል። ጣሊያን በ1939 ዓ.ም. በፈረመችው የሰላም ውል የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ቃል ብትገባም፣ ሐውልቱ በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም የደረሰው በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው፤ ዳግመኛ ተተክሎ የተመረቀውም በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ነው። ቀጠሮው የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል ፈጀ።

ልጄ ግራ ቀኙን አይታ «አባዬ፣ ሐውልቱ የለም እኮ» አለችኝ። መኪና ይተላለፋል፤ ሣር አለ፤ ሰዎች ወደ ጉዳያቸው ይሄዳሉ። «ላሳይሽ የፈለግሁት ይህንኑ ነው» አልኋት። የቆመ ሐውልት በየመንገዱ ሞልቷል፤ ተመላሽ የተደረገ ሐውልት የነበረበት ቦታ ግን ብዙ አይደለም።

እናቴ ጥላ ፈልጋ ተቀመጠችና ልጆቹን ወደ እርሷ ጠራቻቸው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ፣ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የነበረችው እናቷ ታናሽ ወንድሟን አዝላ ወደ ጦሳ ሥር እንዴት እንደ ሮጠች ነገረቻቸው፤ እኔ እንኳ ወንድሟን አዝላ እንደ ነበር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያም በ2002 ዓ.ም. ለኅዳር ጽዮን አክሱም ሄዳ ሐውልቱን በቦታው ቆሞ ማየቷን ጨመረችላቸው። «ምን ያህል ይረዝማል፣ እማማ?» አላት ትንሹ። 24 ሜትር መሆኑን እኔ ነገርሁት፤ እርሱ ግን በቁጥሩ አልረካም።

እናቴ ተነሥታ የእግረኛ መንገዱ ላይ ቆመች፤ «እኔ ሥሩ ነኝ፤ አንቺ ሰፋፊ እርምጃ እየቆጠርሽ ሂጂ» አለቻት ልጄን። ልጄ ሃያ አራት እርምጃ ቆጥራ ቆመችና ዞረች። ትንሹ ልጄ በሁለቱ መካከል እየሮጠ ሲመላለስ፣ ሃያ አራተኛው እርምጃ ላይ ያለችው እኅቱ እጇን አውለበለበች፤ እናቴም ከሥሩ ሆና ነጠላዋን ከፍ አድርጋ መለሰችላት።