ዘንባባዎቼን የገደለው መጋዜ ነው

ጣና ዳር ካሉኝ ዘጠኝ የካናሪ ዘንባባዎች አራቱ ሞተዋል። በሽታው ፈንገስ ነው፤ ከዛፍ ወደ ዛፍ ያዞረው ግን የኔ መጋዝ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ዘንባባ ያለው ግቢ ወይም ሆቴል የምታስተዳድሩ ሁሉ፣ ቆራጭ ከመጥራታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ለኔ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ፈንገሱ ፉዛሪየም ይባላል። በሥር ወይም በተቆረጠ ቅጠል በኩል ገብቶ ውኃ የሚመላለስባቸውን ቱቦዎች ይደፍናል። ዛፉ ጣና አጠገብ ቆሞ በውኃ ጥም ይሞታል ማለት ነው። ምልክቱን አናቱ ላይ አትፈልጉት፤ የታችኛውን፣ ያረጀውን ቅጠል እዩ። ከቅጠሉ መሐል ዘንግ በአንዱ ጎን ያሉት ቀጫጭን ቅጠሎች ደርቀው የሌላው ጎን አረንጓዴ ከሆነ ተጠራጠሩ። በደረቀው ጎን በኩል ዘንጉ ላይ ቀላ ያለ ቡናማ መስመር ይሄዳል። እዚያ ላይ በአግድም ብትቆርጡት ውስጡ ነጣ ያለ መሆን ሲገባው ሮዝ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ ታያላችሁ። ሁለቱም ጎን ከጫፉ ጀምሮ እኩል የሚደርቅ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ የፖታሲየም እጥረት ነው፤ ያ በማዳበሪያ ይስተካከላል።

በዓይን አይቶ መማል አይቻልም፤ ቁርጡ የሚታወቀው በላቦራቶሪ ነው። ሙሉ በሙሉ የደረቀ ቅጠል አትላኩ፤ የሚበቅለው የብስባሽ ሻጋታ ብቻ ይሆናል። የታመመውና ጤነኛው ክፍል የሚገናኙበትን 20 ሳንቲሜትር ያህል ዘንግ ቆርጣችሁ በጋዜጣ ጠቅልሉ። ፌስታል ውስጥ አታፍኑት፣ ቶሎ አድርሱት።

ምክር ፍለጋ የሄድኩበት መሥሪያ ቤት ያሉት ባለሙያ ዛፉን ሳያዩ፣ «ቢጫ ቢጫውን ቅጠል አጽዳና ፀረ ፈንገስ ርጭበት» አሉኝ። እኔም ሰማኋቸው። ይህን በሽታ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ የሚረጨው ኬሚካል ግንዱ ውስጥ ያለው ፈንገስ ዘንድ አይደርስም። ግንድ በስቶ መውጋትም ቁስል ከመጨመር አያልፍም፤ መሰርሰሪያው ራሱ በሽታውን ወደሚቀጥለው ዛፍ ይወስዳል። «አጽዳ» የሚለው ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነበር፤ ያጸዳሁት ዘጠኙንም በአንድ መጋዝ ነው።

በረኪና ተጠቅሜያለሁ። ግን እንዴት? ባልዲ ውኃ ውስጥ ሁለት ክዳን ጠብ አድርጌ፣ መጋዙን ነከር አድርጌ አወጣሁ። ይህ መጋዝ ማራስ እንጂ ፈንገስ መግደል አይደለም። ልኩ አንድ እጅ በረኪና፣ አንድ እጅ ውኃ ነው፤ መጋዙ ውስጡ 5 ደቂቃ ይቆያል፣ ያውም ሰዓት እያያችሁ። ከዚያ በፊት በጥርሶቹ መሐል የተሰነቀረውን ብናኝ በሽቦ ብሩሽ አራግፉ። ብናኝ የበረኪናውን ኃይል ይበላል፣ ከሥሩ ያለውንም ፈንገስ ይሸሽጋል። በረኪናውን የታሸገና ማምረቻ ቀኑ የቀረበ ግዙ፤ በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጠው ምን ያህል ውኃ እንደገባበት አይታወቅም።

ባልዲ ለዚህ ሥራ አይመችም፤ የመጋዙ ግማሽ ውጭ ይቀራል። እኔ አሁን የምጠቀመው ባለ 4 ኢንች የፕላስቲክ ቧንቧ ነው፤ 60 ሳንቲሜትር ቁራጭ፣ አንድ ጫፉ በክዳን የተደፈነ። 2 ሊትር በረኪናና 2 ሊትር ውኃ ይበቃዋል፣ የእጅ መጋዙም እስከ እጀታው ይጠልቃል። ሁለት መጋዝ ይኑራችሁ፤ አንዱ ሲቆርጥ ሌላው ይነከራል። አንድ መጋዝ ይዞ 5 ደቂቃ የሚታገሥ ቆራጭ እስካሁን አላየሁም። ድብልቁ ሲደፈርስ፣ ባይደፈርስም በየ2 ሰዓቱ ቀይሩት። ማታ መጋዙን በውኃ አለቅልቃችሁ አድርቁና ዘይት ቀቡት፤ በረኪና ብረት ይበላል። ጓንት አድርጉ፤ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ደግሞ በፍጹም አታገናኙት፣ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

የሞተር መጋዝ ግቢዬ አይገባም። ሰንሰለቱና ጥርሱ መሐል የሚቀረውን ብናኝ በምንም አጥባችሁ አትጨርሱትም፣ ሲሠራም ዙሪያውን ይረጨዋል። በፊት የሞተር መጋዝ ያላቸው ቆራጮች አምጥቼ ነበር፤ በማለዳ ሌላ ግቢ ሠርተው ነው የመጡት። ሰንሰለቱ ላይ እርጥብ ብናኝ እያየሁ «ከየት ነው የመጣችሁት?» አላልኩም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ግንዱን እየወጋ የሚያወጣውን ባለጥርስ ጫማም ከልክሉ፤ የዘንባባ ግንድ እንደ ሌላው ዛፍ ቁስሉን አይሸፍንም። መሰላል ይበቃል።

የምትቆርጡት ሙሉ በሙሉ የደረቀውን ብቻ ይሁን። ወደ ጎን ከተዘረጉት በላይ ያሉትን መላጨት ለዓይን ንጹሕ ይመስል ይሆናል፣ ዛፉን ግን ያስርበዋል። ጤነኞቹን አስቀድሙ፤ የተጠረጠረውን መጨረሻ ላይ፣ ለብቻው በተመደበ መጋዝ። በክረምት አትቁረጡ፤ ነፋስ ባለበትም ቀን እንዲሁ።

ሌላው መዘዝ ሆሳዕና ነው። በዋዜማው አንድ ማጭድ የሰፈሩን ዘንባባ ሁሉ ይዞራል። መከልከል አይቻልም፣ ተገቢም አይመስለኝም። እኔ ጤነኛ መሆናቸውን ከማውቃቸው ዛፎች በተነከረ መጋዝ ራሴ ቆርጬ ዓርብ ጠዋት በር ላይ አስቀምጣለሁ፤ የሚፈልግ ይወስዳል፣ ግንድ ላይ የሚወጣ የለም።

የታመመውን ዛፍ እስኪሞት አትጠብቁት። ሸራ አንጥፋችሁ በእጅ መጋዝ ጣሉት፤ ብናኙን፣ ቅጠሉንና የምትችሉትን ያህል ሥር እዚያው አቃጥሉ። ቅጠሉን ለመጥረጊያ፣ ግንዱን ለአጥር ብላችሁ አትስጡ። ፈንገሱ አፈር ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ሊቆይ ስለሚችል እዚያው ጉድጓድ ላይ ዘንባባ መልሶ መትከል ገንዘብ መጣል ነው። እኔ በአራቱም ቦታ ዋንዛ ተክያለሁ። አዲስ ዘንባባ የምተክለው ከዚያ ራቅ አድርጌ ነው፤ አድጎ ከሌላ ግቢ የተነቀለ ከሆነ ግን ሻጩ የየትኛው ግቢ እንደሆነ ካልነገረኝ አልገዛም።